ምስክር ያጣችው ወፍ

እስቲ ያንን ረግረግ እዩት። ሰው ሁሉ ፎጣውን አንጥፎ ከተጋደመበት አሸዋ ወዲያ፣ ጭቃ ውስጥ በሆዳቸው የተኙ ሁለት ሰዎች አሉ። ያመለጡ እስረኞች እንዳይመስሏችሁ። ለእረፍት ባሕር ዳርቻ የመጡ ወንድምና እህት ናቸው።

በየቤተሰቡ እረፍትን ወደ ሥራ የሚለውጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ገነት ቢገባ እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ነው የሚፈረመው?» ብሎ ነው። የእህቲቱ ታላቅ ወንድም የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት መርተው ጡረታ ወጡ፤ መዝገብ ቤቱ ግን ከእሳቸው አልወጣም። ቤተሰቡ «ክቡር መዝገብ» ይላቸዋል። አሁን የሚመዘግቡት ወፍ ብቻ ነው።

ይመዝግቡ! ማን ከለከላቸው? ጣጣው ሕጋቸው ላይ ነው፤ ሁለት ሰው ያላየው ወፍ መዝገብ አይገባም። «የአንድ ሰው ቃል ወሬ ነው፤ የሁለት ሰው ቃል ማስረጃ ነው» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። ስለዚህ ወፍ ባዩ ቁጥር ምስክር ይጠራል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጠሩ የኖሩት ባለቤታቸው ዘንድሮ «ጉልበቴም አንጀቴም እምቢ ብሏል፤ እህትህን ውሰድ» ብለው ቤት ቀሩ።

እህቲቱ ነርስ ናት። ይህችም በሦስት ዓመት አንዴ ያገኘቻት የሰባት ቀን ፈቃድ ናት። ምኞቷም የድሃ ምኞት ነበር፤ ጠግቦ መተኛት፣ እግርን ባሕር ውስጥ ነክሮ ስለማንም አለማሰብ። በመጀመሪያው ቀን ወገግ ሳይል የእንግዳ ማረፊያው በር ተደበደበ።

«ተነሽ፤ ጉዳይ ቀርቧል!»

«ምነው ጋሼ፣ ሰው ሞተ?»

«ሽመላ ናት።»

«ታማለች?»

«ቆማለች።»

«ታዲያ ትቁማ!»

ትቁም ብትልም ተነሳች። ጋሼ ጠርቷት ቀርታ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ማውራት ቀረ፣ ማስነጠስ ቀረ። ብስኩት ስትቆረጥም እንኳ «ችሎት ደፈርሽ!» ተብላለች። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ትንፋሻቸውን ውጠው የጠበቋት ነጭ ወፍ፣ ነፋስ ሲመጣ ፌስታል ሆና ተነሳች። እህቲቱ ከት ብላ ሳቀች። ክቡርነታቸው ግን ፊታቸውን ሳይፈቱ «ፌስታል መሆኑን ሁለታችንም አይተናል» ብለው መዘገቡት።

ለካ ይህ ሁሉ ለአንዲት ወፍ ነው። የጡጫ ያህል ትንሽ፣ አሸዋ የምትመስል፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ቀለበት ያላት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እዚሁ ዳርቻ ለብቻቸው አይተዋታል፤ ባለቤታቸው ያን ሰዓት የረሱትን ጫማ ሊያመጡ ተመልሰው ነበር። ያ ገጽ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የአንደኛው ምስክር ፊርማ አለ፤ የሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። መዝገቡ ደግሞ ለፊርማ ካልሆነ ከኪሳቸው አይወጣም።

«ጋሼ ሙት፣ አንተው ፈርመህ ዝጋው። ማን ያይሃል?»

«እኔ አያለኋ።»

ያላየውን በመሐላ የሚያጸና በሞላበት ዘመን፣ ጡጫ ለምታህል ወፍ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ያናድዳል። የሚያናድደው የእኛን ጉድ ስለሚያሳብቅ ነው።

በአምስተኛው ቀን እንቅልፍ ነርሷን አሸነፋት። እሳቸው ከፔርሙዝ ሻይ ሊቀዱ ዞር ሲሉ «አየኋት! ባለ ቀለበቷን!» አለች። ሻዩን ትተው ብዕራቸውን አወጡ። ቢሆንም ሳይጠይቁ አይጽፉም።

«ምን ስታደርግ?»

«ስት… ስትዘምር።»

«ምን ላይ ሆና?»

«ዛፍ ላይ።»

ዙሪያውን ቃኙ። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ብዕራቸውን ከደኑ።

«ሂጂ፣ ተኚ» አሏት። አልተቆጡም። በተቆጡ ይሻላት ነበር።

በማግስቱ በሯን የሚያንኳኳ አልመጣም። የተመኘችው እንቅልፍ ደጇ ድረስ መጥቶላት፣ ጣሪያ ላይ አፍጥጣ ዋለች።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት እሳቸው ሻንጣ ሲያስሩ፣ ስልኳን ክፍሏ ትታ እግሯን ልትነክር ወረደች። ከፊቷ አምስት እርምጃ ላይ አሸዋው ሮጠ። ቆመ። ቀለበት አለው! ወፏ ከጭቃው ትል መዘዘች፤ ወደ ውኃው ሮጣ አንዴ፣ ሁለቴ ነክራ አለቀለቀችና ዋጠችው።

እህቲቱ ጮኸች። ክቡርነታቸው ባንድ እግር ጫማ ሲደርሱ ወፏ ሄዳለች።

«አላምንሽም በለኝ፤ ይገባኛል። ግን ጋሼ፣ በእናታችን! ትሏን አጥባ ነው የበላችው! ሁለቴ! የእኛ ሐኪሞች እንኳ እንደሷ አይታጠቡም!»

እሳቸው አሸዋው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። የትሏን መታጠብ እሳቸው ለማንም ተናግረው አያውቁም። ይስቁብኛል ብለው ከባለቤታቸው ሳይቀር ደብቀውታል።

«ስንቴ አልሽ?»

«ሁለቴ።»

መዝገቡን አውጥተው አሮጌውን ገጽ ገለጡላት። በደበዘዘ ቀለም እንዲህ ይላል፦ «ትሏን ሁለት ጊዜ አለቅልቃ በላች።»

«ቀኑ ቢለያይም ፍሬ ነገሩ አንድ ነው» ብለው ፈረዱ። «እዚህ ጋ ፈርሚ።»

ፈረመች። ክቡር መዝገብ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ይህን ያየችው እሷ ብቻ ስለሆነች አይመዘገብም።

እናንተም እንዲህ ያለ ነዝናዛ ዘመድ ካላችሁ፣ አደራ፣ ሲጠራችሁ ከአልጋችሁ ውረዱለት። ብርዱን ቻሉት፣ ጭቃውም ውስጥ ተኙለት። ያላያችሁትን ግን፣ እባካችሁ፣ አየሁ አትበሉት።