ሽማግሌ የተላከባት መምህርት

መምህር የሚባል ፍጡር፣ አገሩ የትም ይሁን የት፣ የሚያየው በጆሮው ነው። ልጅ ከጮኸ ያያል፣ ወንበር ከወደቀ ያያል፣ አፍንጫ ከደማማ ተሯሩጦ ያያል። ጸጥ ያለውን ግን ከየት አምጥቶ ይየው? እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት «ማን ነካህ?» የምንባለው የሸሚዛችን ቁልፍ ከተበጠሰ ብቻ ነበር። ኦስሎ ስገባ ይሄ የቀረ መሰለኝ። እዚህ ልጅ ልጅን ሲያጠቃ «ሞቢንግ» የሚባል የከበረ ስም አለው፤ ስብሰባ አለው፣ ፖስተር አለው፣ በእረፍት ሰዓት ቢጫ ሰደርያ ለብሶ ግቢ የሚዞር መምህር አለው። ሰደርያው ዓይን አይጨምርም እንጂ!

ልጄ ሩት አስር ዓመቷ ነው። እዚሁ ኦስሎ፣ ቶየን ሰፈር ተወልዳ ቶየን ያደገች፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ነበረች። ባለፈው መከር ግን ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ማለት አመጣች። ቅዳሜና እሁድ የማያም ሆድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናቷ ተልባ በጠበጠችላት፤ ሐኪሙም ጤነኛ ናት አለን። በኋላ ነገሩ ወጣ። የክፍሏ ሴቶች ልጆች በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ እሷ ስትመጣ ወሬያቸውን ያቆማሉ፣ ጠጋ አይሉላትም። አይሰድቧትም፣ አይነኳትም። ብቻ ቆማ ትቀራለች። «ፓፓ፣ ነገ አልሄድም» አለችኝ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ ዝም ብላ ነው ያለችው።

ወደ ኮንታክትላረሯ፣ ማለትም ወደ ክፍሏ ኃላፊ መምህርት ሄድኩ። ኢንግሪድ ትባላለች፤ ክፉ የማይወጣት ሰው ናት። ሩትማ ረጋ ያለች ልጅ ናት፣ በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ቆማ ማሰብ ትወዳለች አለችኝ። ማሰብ ትወዳለች! ለካ ፈላስፋ ወልጄ ኖሯል። ማንም አልመታትም፣ ማንም አልሰደባትም፣ ቢኖር አየው ነበር ብላ አሰናበተችኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላል ያገሬ ሰው፤ ዝም ያለ ልጅ ዘንድ ደግሞ መምህርም አይገባም።

እንግዲህ ሐበሻ ነገር ሲጠናበት ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል። እኔም ላክሁባት! መሪው አቦይ ተኽለ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ጎረቤቴ፣ ሩት ራሷ አያቴ ብላ የሾመቻቸው። ዕድሜ ልካቸውን የአገሩን ቋንቋ ኖርስክን ሲናገሩ ኖረው፣ ለሽምግልና ሲወጡ ግን ድራሹን ይረሱታል። ሐጂ ኑሩ ከፕሪንስዳል መጡ። አገሩ የእኩልነት አገር ነውና እትዬ ዘነበችን ጨመርን። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር እንደማይሄድ አውቃለሁ፤ ታዲያ ማን ያስተርጉም?

ሦስቱም ጋቢና ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በር ላይ የሚታደለውን ሰማያዊ የጫማ ላስቲክ አጥልቀው፣ ክፍሉ ውስጥ ቀጥ ብለው ቆሙ። በሩት ጉዳይ እንደመጣን ነገርኳት፤ ኢንግሪድ ተቀመጡ አለች። መቼም የሽማግሌ ደንብ የታወቀ ነው፤ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። የሚስቴ አባት እንኳን ልጃቸውን የሰጡኝ የሽማግሌዎቼ እግር አሳዝኗቸው ነው። ይሄን ለኢንግሪድ መንገር የኔ ፈንታ ነበር። ግን የሽማግሌ መቆም ይተረጎማል እንዴ? ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ ዝም አልኩ።

ወንበሮቹ የልጆች ስለሆኑ መሰላት፤ ሄዳ ትልልቅ ወንበር ተሸክማ መጣች። ቆሙ። ውኃ አቀረበች። አመሰገኑ፣ ቆሙ። ራሷ ብትቀመጥ የሚከተላት ጠፋ፤ ደንግጣ ተነሳች። ፈገግ አለች፤ ሽማግሌ ደግሞ ሥራ ላይ አይስቅም። አንገቷ ፍም መሰለ። በመጨረሻ፣ ምን አድርጌያችሁ ነው ከኔ ጋር የማትቀመጡት አለችኝ።

አፌን ሳልከፍት የቆሙትን ሦስቱን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ፣ «ማንም አልሰደበኝም፤ ማንም አልነካኝም» አለች። በመስኮቱ ወደ ግቢው፣ ወደዚያ አግዳሚ አየች። «ሩት እኮ እረፍቱን በሙሉ ነው የምትቆመው» ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። የኔን እንባስ ማን አየው?

አቦይ ተኽለ ምን አለች አሉኝ። ነገርኳቸው። «ካወቀችማ ጽቡቕ፤ በሉ እንቀመጥ፣ ጉልበቴ አለቀ» ብለው ከሁሉ ትንሿ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

እውነቴን ነው፣ ኮራሁ። በሽማግሌዎቼ ኮራሁ፤ በኢንግሪድም ኮራሁ። «አላየሁም ነበር» ለማለት ወኔ ያለው መምህር ስንት ነው? በማግስቱ ልጆቹን ሰብስባ አነጋገረች፤ ከዚያ ወዲህ ግቢውን የምትዞረው በዓይኗ ነው። ሩትም እየዋለ እያደረ ሆዷ ተሻላት። አንድ ቀን ከነጓደኞቿ፣ ጃኬቷ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ እየጮኸች ገባች። እናቷ ልትቆጣ ስትል «ተያት! ለዚያ ጭቃ ስለት ተስያለሁ» አልኳት።

የወላጆች ስብሰባ ሲደርስ ሩት አያቴ ካልመጣ ብላ አቦይ ተኽለን ጎትታ ወሰደቻቸው። ኢንግሪድ ተነስታ፣ በክፍላችን አዲስ ደንብ አለን፣ አንድ ልጅ ቆሞ ከቀረ ማንም አይቀመጥም አለች። ከየት እንዳመጣችው አልተናገረችም፤ በጨረፍታ ብቻ ወደኛ አየች። ወላጁ አጨበጨበ። አጠገባችን ያለ አባት፣ እንዴት ያለ ዘመናዊ ዘዴ ነው እያለ ስልኩ ላይ ጻፈው።

አቦይ ተኽለ ኖርስካቸውን እንደ ልማዳቸው ረስተውት ኖሮ ተርጉምልኝ አሉኝ። ተረጎምኩላቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ትንሽ አሰቡና «አየህ የፈረንጅን ብልሃት!» አሉኝ፤ «ምነው ለእኛም እንዲህ ያለ ወግ በኖረን?»