የኪራይ መኪና ወንበር

ሰው አገር ለዕረፍት ሄዶ መኪና የሚከራይ ሰው ታውቃላችሁ? የገዛ መኪናውን ከግንብ ጋር ሲያላትም የኖረ ሰው፣ የተከራየው ላይ አቧራ ሲያርፍ ያመዋል።

ዱባይ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ግርማ እንዲህ ነው። ለፋሲካ ሊጠይቀኝ ካርቱም መጥቶ መኪና ተከራየ። ጫማችንን ካላራገፍን አያሳፍረንም ነበር። ሳቅንበት፤ ምን እናድርግ?

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ውጊያ ተጀመረ። ሳጃና በሚባለው ሰፈራችን ጎረቤታችን የሆኑትን እትዬ ሙሉን በራቸው ላይ እንደቆሙ ጥይት ሆዳቸውን መታቸው። ተሸክመን ወደ መኪናው ስናመጣቸው ግርማ ቁልፉን ጨብጦ ቆመ።

«ወንበሩን ደም ቢነካው ምን እላለሁ? የመኪናውን ባለቤት ልጠይቅ» አለና ደወለ። እመኑኝ፣ ደወለ!

እትዬ ሙሉ መሬት ላይ ተጋድመው፣ «ልጄ፣ ነጠላዬን አንጥፍበት» ይሉታል።

የባለቤቱ ጩኸት ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ተሰማ። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ አብደሃል? ሴትዮዋን ውሰዳት እንጂ፣ ያላ፣ ቶሎ!»

ግርማ ያን ጊዜ እንደ እብድ ነዳ። ሐኪም ቤቱ ግን ተዘግቶ ጠበቀን። ሌላ ፍለጋ ስንዞር እትዬ ሙሉ እጄ ላይ አረፉ።

ግርማ መኪናውን ዳር አቁሞ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ የለበሰውን ሸሚዝ አወለቀና ፊታቸውን ሸፈነላቸው።