ክብርት እትዬ ፊሽካ እና የሾፌሩ እሁድ

በየቤተሰቡ አንድ የማይደክመው ሰው ይወለዳል፤ የተቀረው ቤተሰብ የሚደክመው ለእሱ ነው። ይህ ሰው እሁድ ሲመጣ ሶፋ አይታየውም፤ የሚታየው ሜዳ ነው። ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካየ ቡድን ነው የሚለው፣ አራት ሰው ከተቀመጠ ደግሞ ሁለት ቡድን። «ኧረ በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም» የምትሉ ካላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ። ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ።

በሾፌሩ ቤተሰብ ይህን ሥልጣን የያዙት ታላቅ እህቱ ናቸው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም። ሙሉ ማዕረጋቸው ክብርት የሜዳ አዛዥ፣ የጨዋታ ሕግ አውጪ፣ ተርጓሚና አስፈጻሚ ነው። ለአጠራር እንዲቀል ግን ዘመድ አዝማዱ «እትዬ ፊሽካ» ይላቸዋል። ልብስ ሰፊ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ስፌት መኪናቸው ላይ እንዳጎነበሱ ይሰነብቱና እሁድ ጠዋት ቀና ይላሉ፤ ያን ጊዜ ጉድ ይፈላል። አንገታቸው ላይ ሜትርና ፊሽካ አብረው ይንጠለጠላሉ፤ አንዱ ለእንጀራ፣ አንዱ ለእኛ መከራ ይላል ዘመዱ።

ሾፌሩስ? ሾፌሩ የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ላይ፣ ቀኝ እግሩ ነዳጅና ፍሬን ላይ፣ ጆሮው «ወራጅ አለ!» ላይ ነው። በዓለም ላይ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሁድን በጀርባው ተንጋሎ ኮርኒስ ሲያይ መዋል። ኮርኒስ አይሳፈርም፣ ኮርኒስ አይወርድም፣ መልስ አላገኘሁም ብሎ አይጨቃጨቅም። ይቺ እሁድ ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆናበት ቀርታለች።

አንድ ሰሞን እትዬ ፊሽካ ወደ ቤቱ ብቅ አሉና ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ወገቡን ለኩት። ቀጥለው የእግሩን ርዝመት ለኩ።

«እትዬ፣ ምን ልትሰፊልኝ ነው?»

«ዝም ብለህ ቁም። ሲደርስ ታየዋለህ።»

የሾፌሩ ሆድ ባባ። የሥራ ሱሪው መቀመጫው ሳስቶ ነበርና «እህት ማለት እንዲህ ናት» እያለ ለሚስቱ ስንት ጊዜ አወራ። እሁድ ሜዳ ሲደርስ በልኩ የተሰፋ ጆንያ ተሰጠው። ጠርዙ ድርብ ስፌት የተመታ፣ በግራና በቀኝ መያዣ ጆሮ ያለው፣ እንከን የማይወጣለት ጆንያ። «የተገዛው ለቁመትህ ያጥርሃል፤ ከዚያ እየወደቅህ ሰበብ ትፈጥራለህ» አሉት። በዚያ ጆንያ ውስጥ ሆኖ ገና የወተት ጥርሷን ካልጨረሰች የእህት ልጁ ጋር ዘለለ፤ ተሸነፈም።

የእትዬ ፊሽካ ባል ሂሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ቁጥብ፣ ነገራቸው ሁሉ በልክ የሆነ ሰው። እሳቸው አንድ ቀን «ዛሬስ ወገቤን አሞኛል» ቢሉ «እሰይ! ዛፍ አጥተን ነበር» ተባሉ። ሜዳው መሐል እጃቸውን ዘርግተው እንዲቆሙ ተደረገ፤ ሯጭ ሁሉ እሳቸውን ዞሮ ተመለሰ። ዝንብ ሊያባርሩ እጃቸውን ቢያነሱ ፊሽካው ጮኸ። «ዛፍ አይንቀሳቀስም!» ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤተሰብ አሞኛል የሚል ሰው ጠፋ። ጤና ሆነ ማለት አይደለም፤ ሁሉም እያመመው ይሮጣል።

መንገደኛውንስ ማን ይረሳል? ሰውዬው አስቤዛውን በፌስታል ይዞ በሜዳው ዳር እያለፈ ነበር። ገመድ ጉተታ ተጀምሮ አንዱ ወገን አንድ ሰው ጎድሎታል። «አንተ ወንድሜ፣ ና እስቲ፣ ለአንድ አፍታ!» አሉት እትዬ ፊሽካ። ሰውዬው ፌስታሉን አስቀመጠና ጎተተ። ይኸው እስከ ዛሬ በየእሁዱ ይመጣል። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሚስቱ መጥታ ልትወስደው ሞክራ ነበር፣ እሷም ለእንቁላል በማንኪያ ተመደበች።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሕጋቸው ነው። «በእኔ ሜዳ ሁሉም ዕድሜ እኩል ነው» ይላሉ፤ እኩል የሚያደርጉት ደግሞ የጠናውን በማጎሳቆል ነው። ሕፃን በሁለት እግሩ ይሮጣል፤ ጎልማሳ በአንድ እግሩ ይነጥራል። ሾፌሩ በግራ እግሩ እንዲነጥር ተፈረደበት። «ኧረ እትዬ፣ የፍሪሲዮን እግሬ ነው!» ቢል «እንግዲያማ የሠለጠነ እግር ነው» አሉት። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። «ተመልካች አያስፈልገኝም!» ካሉ አለቀ፣ ደቀቀ።

ተመልካች የሚሆኑ የመሰሉት እናታቸው ብቻ ነበሩ። እናትየው ከሾፌሩ ጋር ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ መራመድ አይችሉም፤ እሁድ እሁድ ሾፌሩና ሚስቱ ደግፈው አምጥተው በወንበር ሜዳው ዳር ያስቀምጧቸዋል፣ ጭናቸው ላይ ወፍራም ፎጣ ጣል ይደረግላቸዋል። እትዬ ፊሽካ ለእሳቸውም ሥራ አላጡም። አባሮሽ ሲጫወቱ «ቤት» አደረጓቸው። የሚባረር ሰው እናትየው ጋ ደርሶ እጃቸውን ከያዘ ቤት ገብቷል፤ አይነካም። ወንበሩን መንካት አይቆጠርም፣ ትከሻቸውን መንካትም አይቆጠርም። እጅ ብቻ። ሾፌሩ ይህንንም እንደ ሌላው ሁሉ የክብርት ዳኛ አጉል ጥንቃቄ አድርጎ ነበር የሚያየው።

ነገሩ የመረረው ሾፌሩ ፌርማታ ላይ ያሸለበ ቀን ነው። ተሳፋሪው ወርዶ፣ ሌላው ተሳፍሮ፣ በሩ ተዘግቶ፣ አውቶቡሱ ግን ወይ ፍንክች። አንዲት አሮጊት መጥተው ትከሻውን ነካ አደረጉት። «ልጄ፣ ደርሰን ነው ወይስ ደክሞህ ነው?» ሾፌሩ ብንን አለ። አፈረ፤ ከማፈሩ ይልቅ ደግሞ ፈራ። ቆሞ ባይሆንስ ኖሮ? ያን ሁሉ ሰው ጭኖ ማሸለብ ቀልድ አይደለም።

ለሚስቱ ሲነግራት ከተቀመጠችበት ተነሳች። «በቃ! ይሄ የእሁድ ነገር መቆም አለበት። ሰው ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው ጆንያ ውስጥ ይገባል እንዴ?» ዘመድ በስልክ ተማከረ። ሁሉም ደክሞታል። ቀድመው የተስማሙት የእትዬ ፊሽካ ባል ነበሩ፤ ቃላቸውም «ፈጣሪ ይስጣችሁ» የሚል ነው። ችግሩ፣ ማን ወንድ ይንገራቸው? አንዱ በሌላው ሲያላክክ ቆይቶ «አንተ የእናቷ ልጅ ነህ፣ ከአንተ ትሰማለች» ተባለና ነገሩ ሾፌሩ ላይ ወደቀ። እናትየውን የጠየቀ ግን አልነበረም።

ሳምንቱን መሪ ይዞ ንግግሩን ተለማመደ። «እንወድሻለን፤ ግን ደክሞናል» ሲል ከኋላው የተቀመጠች ተሳፋሪ «ለኔ ነው?» አለችው።

እሁድ ደረሰ። እናቱን ወንበራቸው ላይ አስቀመጡ። እትዬ ፊሽካ ከወንበሩ ብዙም ሳይርቁ አጎንብሰው በኖራ መስመር ያሰምራሉ።

«እትዬ» አለ ሾፌሩ።

«መጣህ? በል ያቺን የገመድ ጫፍ ያዝልኝ።»

ጫፏን ያዘ። «እትዬ፣ እንወድሻለን፤ ግን ደክሞናል። ከዛሬ በኋላ ይቅርብን።»

እትዬ ፊሽካ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «ማን ማን ነው የደከመው?»

«ሁላችንም።»

«ባሌም?»

«እሳቸውማ መረቁን።»

እትዬ ፊሽካ ሊስቁ ጀመሩና ተዉት። የእጃቸውን ኖራ በቀሚሳቸው ጠረጉ። «እናንተ እኮ ትስቃላችሁ። ስትስቁ ነው የማየው።»

«እንስቃለን። ግን ሰኞ እግሬ ፍሪሲዮን አልረግጥም ይለኛል። ባለፈው መሪ ላይ ተኛሁ፣ እትዬ። ሰው ጭኜ።»

«ውይ በሞትኩት!» አሉ። «ይሄንንማ ቀድመህ መንገር ነበረብህ። በቃ፣ እሺ። ይቅር።»

ለክርክር ታጥቆ የመጣ ሰው እሺ ሲባል መግቢያው ይጠፋዋል። ሾፌሩ የገመዱን ጫፍ እንደያዘ ቆመ። እህቱን እንዲህ ትንሽ ሆነው አይቷቸው አያውቅም። ከቶ ባልተናገርኩ አለ በልቡ።

«ለእማዬ ግን አንተ ንገራት» አሉት። «እኔ አልችልም። አንተ ሥራ ስትሄድ እየደወለች እሁድ ስንት ቀን ቀረው ትለኛለች።»

«እማዬ? ለኔማ ብላኝ አታውቅም።»

«መቼ ቤት ትገኛለህና ትበልህ? ስትወጣ ተኝታ፣ ስትገባ ተኝታ።»

ሾፌሩ የገመዱን ጫፍ ለቀቀ። ወደ እናቱ ሄዶ ከወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ። እናቱ ጉልበታቸው እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው፤ ሰምተው ይሆን አልሰሙ ፊታቸው አይናገርም።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

«ከጨዋታው በኋላ ትነግረኛለህ» አሉ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ። «አሁን ቤት ነኝ። ቤት አያወራም።»

እንግዲህ የመጨረሻው አባሮሽ ተጀመረ። የመጨረሻ መሆኑን ያወቀ ሁሉ እንደ ግዴታ ነው የገባው። አባራሪዋ እትዬ ፊሽካ ነበሩ። መጀመሪያ ላይ እሳቸውም ልብ አልነበራቸውም፤ ግን ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም። አንዱን ሕፃን አባረው፣ መንገደኛውን ከነጫማው አስወድቀው፣ ባላቸውን ጥግ አስይዘው ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «ያን እግርህን አሳየኝ እስቲ!» አሉት።

ሾፌሩ ሮጠ። ለመሮጥ አላሰበም ነበር፤ እግሩ ነው ቀድሞት የሄደው። ነጠረ፣ ታጠፈ፣ ተንሸራቶ በጉልበቱ ኖራውን አቋረጠ፣ ደረቱ ሊፈነዳ ደርሶ እናቱ ጋ ተወረወረና እጁን ከፎጣው ሥር ከቶ እጃቸውን ያዘ። ወዲያው የእህቱ መዳፍ ጀርባው ላይ አረፈ።

«ተያዝክ!»

«ምን ተያዝክ? ቤት ገብቻለሁ!»

«አልገባህም!»

«ገብቻለሁ አልኩሽ! እያየሽ!»

«ዳኛ አይከሰስም። ቤት ይመስክር።» እትዬ ፊሽካ ወደ እናታቸው ዞሩ። «እማዬ፣ እጅሽን ነክቶሻል?»

እናትየው ልጃቸውን አዩት። ከዚያ ልጃቸውን አዩአት።

«አልነካኝም» አሉ።

ሾፌሩ ጆሮውን ማመን አቃተው። እኚህ ሴት በልጅነቱ ስኳር ልሶ «አልላስኩም» ስላለ የገረፉት ሴት ናቸው፤ ውሸት ሲሰሙ ራሳቸውን የሚያማቸው። እጁ ደግሞ እዚያው ነበር። ከፎጣው ሥር በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ይዘውታል።

«እማዬ!»

«ምን ልበል ታዲያ? የነካኝ የለም» አሉና እጁን ጭራሽ አጠበቁት።

ያኔ ገባው። ዛሬ ቤት ከገባ ነገሩ አለቀ፤ ደህና ሁኑ ተባብሎ መለያየት ነው። የተበደለ ሰው ግን ተመልሶ ይመጣል። እናቱ ሆን ብለው በደሉት። ሳምንቱን ሙሉ ሻይ የሚያቀብላቸው፣ መድኃኒት የሚያቀብላቸው አላጡም፤ እየሮጠ መጥቶ እጃቸውን የሚይዝ ሰው ግን ከዚህ ሜዳ በቀር የትም የላቸውም። እህቱ ይህንን ድሮ ያውቁ ኖሯል። ለዚህ ነው ወንበር አይቆጠርም፣ ትከሻ አይቆጠርም ያሉት። እሱ በአንድ ጣሪያ ሥር እያደረ አላወቀም፤ እሳቸው ከስፌት መኪናቸው ጀርባ ሆነው አወቁ። ይቺን አድካሚ እህቱን ምን ያህል እንደሚወዳት አሁን ንገር ቢሉት አፍ አውጥቶ መናገር አይችልም ነበር። እንባው መጣ። ስለዚህ ጮኸ።

«ይሄ ዳኝነት አይደለም! ግፍ ነው! አልቀበልም! በሚቀጥለው እሁድ ይደገማል!»

የእትዬ ፊሽካ ባል ግንባራቸውን ያዙ። የሾፌሩ ሚስት ወገቧን ይዛ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን በል ብለን ነበር የላክንህ?»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ! ደግሞ ጠዋት አይደለም፤ ጠዋት እተኛለሁ። ከሰዓት ነው የምመጣው!»

«ይሁን» አሉ እትዬ ፊሽካ፤ ድምፃቸው ሳስቶ ነበር፣ ፊታቸውንም ወደ ሌላ አዙረዋል። «ከሰዓት ይሁን። ተኝተህ ና።»

ሾፌሩ ሊነሳ ፈለገ። እናቱ እጁን አልለቀቁትም።