ብርቄ እና ዛፍ አልባው መንገድ

«አይቻልም» ሲሉት የሚብስበት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በግድግዳ ብቻ የምንለያይ እንዲህ ያለች ጎረቤት አለችኝ። ብርቄ ትባላለች፤ ሽሮ ሜዳ ነጠላ ትሸጣለች። እሁድ እሁድ ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተሯ ላይ የመኪና እሽቅድምድም ጌም ትጫወታለች። ማለቴ፣ መጫወት ትፈልጋለች። መኪናው ግን ሁለት ሜትር ሄዶ ይቆማል፤ እንደገና ሁለት ሜትር፣ ልክ አዲሱ ገበያ ላይ እንደተጣበቀ ታክሲ።

የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ መሐሪ አየውና፣ «እህቴ፣ ይሄ ደብዳቤ መጻፊያ ነው። ለጌም አይሆንም፣ በቃ!» አላት።

ምን ታድርግ? ትጣለው? ብርቄ የጌሙ ፎልደር ውስጥ ገብታ፣ ሜኑ ላይ የማይታዩ ማስተካከያዎች የተጻፉበትን ፋይል ከፈተች። አናቱ ላይ «እንዳትነኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ አለበት። ለብርቄ ይሄ ግብዣ ነው። ኮምፒውተሩ እንዲቀለው ጥላውን ዜሮ አደረገችው። ዝናቡንም ዜሮ። ተመልካቹን በሙሉ አባረረች። በመጨረሻ ዛፎቹን አንድ ሳታስቀር ስታጠፋ፣ አጠገቧ ተቀምጬ አማተብኩ። ጌሙን መልሳ ስትከፍተው ግን መኪናው ተወነጨፈ! እኔ ራሴ ከወንበሬ ተነሥቼ ጮህኩ።

በሳምንቱ መሐሪን ጠርታ አሳየችው። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ መኪናውን በዓይኑ ተከተለ። መሸነፉን ማመን ግን አልሆነለትም።

«ሰው የለ፣ ዛፍ የለ! ይሄ ምኑ ጌም ነው?» አላት።

ብርቄ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል መለሰችለት፦ «እኔ ልነዳ ነው የገባሁት። ዛፍ ካማረህ እንጦጦ ቅርብ ነው።»