ዳንቴል የለበሰው ማሽን

የእኛ ከተማ ሴቶች ዳንቴል የማናለብሰው ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፤ ቴሌቪዥኑ የተቀመጠበት ቡፌ ሌላ ዳንቴል አለው፤ የሶፋው ክንድና ራስጌ፣ የውሃ ማጣሪያው፣ ድሮ ደግሞ የቤት ስልኩ ሳይቀር ነጭ ክር ለብሶ ነበር የሚጮኸው። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ወደ ማንኛችንም ቤት ብትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ዕቃውን ሳይሆን ልብሱን ነው። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁን «አቧራ እንዳይነካው» እንላችኋለን። እውነት ነው፣ አቧራ አለ። ግን ልብ ብላችሁ እዩ፤ አዲስ ዕቃ ላይ የምናደርገው ዳንቴል ትንሽ ነው፣ ዕቃው እንዲታይ። የተሰነጠቀውና ቀለሙ የለቀቀው ላይ የምናደርገው ግን እስከ መሬት ይደርሳል።

እኔ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ዳንቴሎች ሁሉ ትልቁ የአልጋ ልብስ ያህላል። የሠራሁት ባሌ የሠራውን ለመሸፈን ነው።

ባሌ ተካ ይባላል። ይባል ነበር ማለት አለብኝ፤ አፌ ገና አልለመደም። ከተማው «ተካ ፍሪጅ» ነበር የሚለው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ ልብስ ሰፊ ሆነው የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሱ መርፌውን ትቶ ፍሪጅ ጥገና ገባ። አላቀዘቅዝም ያለ ፍሪጅ ጎረቤት ከተሞች አረካም ይሁን ቤሌ ቢገኝ፣ መሣሪያውን በቦርሳ ይዞ ይሄድለት ነበር። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነበርኩ፣ የአንደኛ ደረጃ አማርኛ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ንባብ አልለቀቀኝም፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሳላነብ አላልፍም። የጠፋ መታወቂያ ይሁን የሚከራይ ክፍል፣ ቆሜ አነባለሁ። ተካ አንድም ቀን ማስታወቂያ አንብቦ አያውቅም። «አንቺ ካነበብሽው እኔ ለምን ዓይኔን አደክማለሁ?» ይለኝ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ነገሩ የጀመረው ቤሌ ነው። የአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጅ ጠግኖ ሲመለስ፣ ወልዳ ደም የፈሰሳትን ሴት ወደ ሶዶ የሚያመጣ መኪና ላይ ተሳፈረ። ሴትየዋ በዚያ ሙቀት መሐል ትንቀጠቀጥ ነበር። ጃኬቱን አውልቆ ደረበላት። እቤት ሲገባ ጃኬት እንደሌለው አየሁና የት እንዳደረሰው ጠየቅሁት።

«አልበቃትም» አለኝ።

ምን እንደሆነች አልጠየቅሁትም። እኔ የጠየቅሁት ስለ ጃኬቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ሳሎናችን የተበላሸው። ተካ እንዲህ ይል ነበር፦ ፍሪጅ ብርድ አይሠራም፤ ፍሪጅ ማለት ሙቀትን ከውስጥ ተሸክሞ አውጥቶ በጀርባው በኩል የሚጥል ነው። ታዲያ የሚጥለውን ሙቀት ለሰው ብናደርገውስ? ከአንድ አሮጌ ፍሪጅ ሞተሩን አወጣ፤ በስፖንጅ ፍራሽ ውስጥ ቀጭን ቱቦ እንደ አንጀት አጠማዘዘ፤ በቱቦው ውሃ እንዲዞር አደረገ። ኦፕራሲዮን ተደርጎ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ያሞቃል፤ ትኩሳት ለሚያቃጥለው መስመሩ ሲገለበጥ ያቀዘቅዛል። ከሚፈለገው ሙቀት ሳያልፍ ራሱ ይቆማል፣ ሲወርድ ራሱ ይነሳል። ምንጣፌ ላይ ያፈሰው ውሃ ግን ራሱ አልደረቀም።

ቀጥሎ ደግሞ ሐኪሞች የገዛ ልቡ እንዳበጠና እንደደከመ ነገሩት። ሌላ ሰው ቢሆን ክኒኑን ይውጣል፣ ጸሎት ያበዛል። ተካ ክኒኑን ዋጠና ከብስክሌት የውስጥ ጎማ አንድ ሲኒ የመሰለ ነገር ሰፋ፤ ያን ጊዜ የአባቱ መርፌ ጠቀመው። ሲኒው የደከመ ልብን ከውጭ አቅፎ፣ አየር ሲገባበት የሚጨምቅ፣ ሲወጣ የሚለቅ ነው። «ልቡን አንቀይረውም» ይላል፣ «ባጃጅ ጭቃ ሲይዘው ሹፌሩን አውርደን እኛ እንነዳለን እንዴ? ከኋላ ገፋ ማድረግ ነው።» ሙከራውን የሚያደርገው ከሥጋ ቤት ባመጣው የበግ ልብ ነበር። የበጉ ልብ በእኔ የእንግዳ ሳህን ላይ ተቀምጦ፣ ቱቦ ተሰክቶበት፣ ጭምቅ ለቀቅ፣ ጭምቅ ለቀቅ።

እስቲ ፍረዱኝ። ጎረቤቴ አስካለ አንድ ቀን ወንፊት ልትዋስ ገብታ አየችው። በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ገበያ ላይ ስታገኘኝ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «በላይነሽ፣ ተካ ልብ እየሠራ ነው አሉ። ለእኔም ባል አንድ ያስቀርልኝ፤ የሱ ድንጋይ ነው» አለች። ድንች የምትሸጠው ሴት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ባሌ ላይ ከሰው ጋር የሳቅሁት ያን ቀን ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ማለቴ ነው።

ዳንቴሉን የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነበር። እንግዳ ሲመጣ በማሽኑ ላይ ጣል አደርገውና ከላዩ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጣለሁ። «ምንድን ነው?» ያለ ሰው ካለ «የተበላሸ የልብስ ማጠቢያ ነው» እላለሁ። ተካ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል። አንድም ቀን አላረመኝም።

ከዕለታት አንድ ቀን ዶክተር መሠረት የምትባል ወጣት ሐኪም የቤቷን ፍሪጅ ልታሠራ መጣችና፣ ተካ ሳያስበው ስለ ፍራሹ አጫወታት። ልጅቷ ቆማ ሰማችው። ሳሎን ገብታ ዳንቴሉን በራሷ እጅ ገለጠችው፣ ፍራሹ ላይ መዳፏን አሳረፈች፣ ብዙ ጠየቀችው። ስትወጣ «ጋሽ ተካ፣ ሐሙስ ሁለት ሰዎች ይዤ እመጣለሁ፤ ሲሠራ ይዩት» አለችው። አንደኛው ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ፣ ሌላው ኢንጂነሪንግ የሚያስተምር ሰው ነው። ተካ በዚያ ሳምንት እንደ ልጅ ሆነ። ጢሙን ተላጨ። ቱቦዎቹን በጥርስ ቡርሽ አጠበ።

እኔ ደግሞ ፈራሁ። የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ እንደ አስካለ ገበያ ላይ አይስቁም። በመኪናቸው ውስጥ ነው የሚስቁት። እሱ አይሰማቸውም፣ እኔ ግን እሰማቸዋለሁ።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። «ሳሮ፣ ሳሮ» ተባባልን፤ የወላይታ ሰላምታ በር ላይ ካልተጠገበ ውስጥ አይገባም። ተካ ተነስቶ ወደ ዳንቴሉ ሲሄድ፣ እኔ ከጓዳ ብቅ አልኩና፣ «ምነው ተካ፣ እንግዳ በባዶ ሆዱ ሥራ ያያል እንዴ?» አልኩት። እንግዶቹ ሳቁ። እሱም ተቀመጠ።

ክትፎ አቀረብኩ። እህቴ ከአረካ የላከችውን ቆጮ አቀረብኩ። ዳጣ አቀረብኩ፣ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ድልህ፣ ከዚያ ለቃጠሎው አይብ። ተካ ሰዓቱን ሲያይ እኔ ኢንጂነሩን አጎርሳለሁ። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰውዬ «በቃኝ እትዬ» ሲል፣ «የኔ እጅ አልጣፈጠህም ማለት ነው» እለዋለሁ። ይህን የተባለ ሰው ደግሞ ሌላ ሰሐን ይበላል። ባዶውን ሰሐን አነሳሁ፣ ጥብስ ጨመርኩ። ከዚያ አቮካዶ ቆረጥኩ፣ ፓፓያ ቆረጥኩ። ዶክተሯ «እትዬ በላይነሽ፣ እኛ ለምሳ አይደለም የመጣነው» አለች፤ ደግሞ በሳቅ ነው። «ምሳ ምን ጊዜ ይወስዳል» አልኳት።

ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደ። ስምንት ሰዓት ላይ ተካ ዳንቴሉን አጥፎ፣ ፕሮጀክቱን ማስረዳት ጀምሮ፣ ሶኬቱን ሰካ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ጉርር አለ። መብራት ሄደ።

እንግዶቹ ትንሽ ጠበቁ። ደመና ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ሳሎኑ ጨለምለም አለ። መብራቱ አልመጣም፣ እነሱም ሥራ ነበረባቸው። በሌላ ቀን ተባብለን ተለያየን። አመስግነውኝ ሄዱ። እንዲህ ያለ ክትፎ በልተው አያውቁም።

አሁን ማስታወቂያውን እንፈልገው። ቀበሌው በር ላይ ሰኞ ተለጥፎ ነበር፦ ለመስመር ጥገና ሲባል ሐሙስ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በሰፈራችን መብራት አይኖርም። ቆሜ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ለተካ አልነገርኩትም። ቀኑን አላስቀየርኩም፣ ሰዓቱንም አላስቀደምኩም። ያቀረብኩት እያንዳንዱ ሰሐን ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አውቅ ነበር። ሰው በመርዝ ሰው ያጠፋል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ በመስተንግዶ ነው።

ከዚያ በኋላ ተካ የሁለተኛ ቀጠሮ ነገር አላነሳም። ማሽኑን ራሱ ወደ ዕቃ ቤት ወሰደው። ዳንቴሉንም ራሱ አለበሰው፣ እኔ እንደማደርገው፣ ጫፉን አስተካክሎ። እፎይ አልኩ። እፎይታዬን ሳስታውስ ነው ፊቴን የምሸፍነው።

ክረምቱ አልፎ ጥቂት ወራት እንደቆየን ልቡ ደከመ፣ ሆስፒታል ገባ። እግሩ አልሞቅ አለ። ነርሷ ከቤት ተጨማሪ ብርድ ልብስ አምጡ አለችን። እግሩን በእጄ እያሸሁ ሳለ ተካ ፈገግ ብሎ፣ «ያ የተበላሸ የልብስ ማጠቢያሽ ቢኖር» አለኝ።

ኮሪደሩ በምናውቀው ሰው ተሞልቷል። አስካለም አለች። «ሰው ምን ይለናል፣ ተካ» አልኩት።

«እሱስ ልክ ነሽ» አለኝ።

ሐኪሞቹ ማሽኑን ይፈቅዱ ይከለክሉ አላውቅም፤ አልጠየቅኋቸውም። ብርድ ልብሱን አመጣሁ። በሦስተኛው ቀን አረፈ። ዶክተር መሠረት በኋላ ማሽኑ እንደማያድነው፣ የሱ ልብ ከዚያ ደረጃ አልፎ እንደነበር ነግራኛለች። ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ፤ ፊቴ ላይ አንብባው ይሆናል። ቢሆንም እኔ ስለ መዳን አይደለም የማወራችሁ። ስለ እግር ነው።

ለቅሶ ላይ ዶክተሯ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዝቅ ባለ ድምፅ ታጽናናኝ ጀመር። «ጋሽ ተካ እኮ የዚያን ሐሙስ ማግስት ቢሮዬ ድረስ መጡ» አለችኝ። «‹ቀናችሁን አቃጠልኩባችሁ፣ መብራት እንደሚጠፋ ቀበሌ በር ላይ ማስታወቂያ አንብቤ ነበር፤ ረስቼው ነው› ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። ሌላ ቀን እንያዝ ስላቸው ‹እቤት ባይሆን ይሻላል፣ ባለቤቴ ትደክማለች› አሉኝ። ለእርስዎ በጣም ያስቡ ነበር።»

ተካ አንድም ቀን ማስታወቂያ አንብቦ አያውቅም። ያን ቀን ግን እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ በቀበሌው በር ነው ያለፈው። ቆሞ አንብቦታል ማለት ነው፤ ከእኔ ጋር በኖረበት ዘመን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቤት ገብቶ ግን ያለኝ «ክትፎው ግሩም ነበር» ብቻ ነው።

እኔ ሥራውን በክር ሸፈንኩ። እሱ እኔን ሸፈነ፣ ያለ ክር። የሱ ዳንቴል ጫፉ የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ዐርባው ሲወጣ ማሽኑን ከዕቃ ቤት አወጣሁት። በደብተሩ የጻፈውን እያነበብኩ፣ ማንበብ መቼም አያቅተኝም፣ ውሃ ሞላሁ፣ ሰካሁ። ፍራሹ ሞቀ። ሰዓት ይዤ ተቀመጥኩ፤ ከልኩ አላለፈም፣ ራሱ ቆመ፣ ራሱ ተነሳ። የልቡ ሲኒ ግን ጎማው ደርቆ ስፌቱ ላይ ተሰንጥቋል። አልደብቃችሁም፣ ያ አይሠራም። ለዶክተር መሠረት ደወልኩላትና ሁለቱንም፣ የሚሠራውንም የማይሠራውንም ላሳይሽ አልኳት። ሰው ላይ ለማድረግ ገና ብዙ ምርመራ እንደሚቀረው፣ የኢንጂነሩ ተማሪዎች ግን ሊያዩት እንደሚገባ ነገረችኝ።

ባለፈው ሐሙስ መጣች፣ በስድስት ሰዓት። ማክሰኞም ረቡዕም የቀበሌውን በር አይቼ ነበር፤ ምንም አልተለጠፈም። ማሽኑ ሳሎን መሐል ራቁቱን ቆሟል። ዳንቴሉን አጥቤ አጥፌዋለሁ። ሶኬቱን ሰካሁ። ዝም አለ። ማብሪያ ማጥፊያውን ብንሞክር እሱም ዝም። መብራት የለም፤ ለዚህ ደግሞ ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ዶክተሯ «ግድ የለም እትዬ፣ በሌላ ቀን» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

«ተቀመጪ ልጄ» አልኳት። «እንጠብቀዋለን።»

ተቀመጠች። ሰባት ሰዓት ሆነ። የተካን ደብተር ሰጠኋት፣ ገጽ በገጽ ማንበብ ጀመረች፤ የማይነበብ ፊደል ሲገጥማት እኔ አነብላታለሁ። ሰባት ተኩል ሆነ። ጓዳዬ ውስጥ የተነጠረ ቅቤ አለ፣ ከአረካ ትናንት የመጣ ቆጮ አለ፣ ዳጣም አለ። የልጅቷ ሆድ ሲያጉረመርም ሁለታችንም ሰማን፤ እሷ አፍራ ሳል አለች። ሠላሳ ዓመት ቤት የመራሁ ሴትዮ ነኝ፤ እንግዳ በቤቴ ተርቦ አያውቅም፤ እግሬ ሳላዘው ሊነሳ ሲል ጉልበቴን በሁለት እጄ ያዝኩት።

አልተነሳሁም።