መክፈቻና መዝጊያ

ምትኩ ገና ወጣት ሳለ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት የዜማ መምህራን ሲነጋገሩ ሰምቶ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ የሚያስታውሰው ግማሹን ብቻ ነው።

«ይህች ከቃሉ በላይ የተቀመጠች ትንሽ ፊደል ምን ትሠራለች?» አሉ አንደኛው፣ ሊፈትኑ ይመስላል።

«ለሚያውቃት ሙሉ ዜማ ናት» አሉ ሌላው። «ዜማው አንድ ጊዜ ተወስኗል፤ ከዚያ ወዲያ እሷን ማየት ይበቃል። ግን ምልክት ማለት…»

የቀረውን ደወሉ ወሰደው። ምትኩም ገብቶ መጠየቅ አፈረ። የዜማ ተማሪ አልነበረም፤ አዳማጭ ነበር። በኋላም ኮምፒውተር መጠገኑን፣ ፕሮግራም መጻፉን ያገኘው እንዲሁ ነው፤ ከሚያውቁ ሰዎች አጠገብ ዝም ብሎ በመቀመጥ።

አሁን ጠጉሩ ሸብቷል። በሞጣ ከተማ አንድ የቴክኒክ ማሠልጠኛ ውስጥ ይሠራል። ማሠልጠኛው ስለ ውኃ ፓምፕ፣ ስለ ወፍጮ፣ ስለ ሞተር ጥገና የሚጽፍ መጽሔት አለው። አዘጋጇ ወይዘሮ የሻረግ ናት። ጸሐፊዎቹ ጽሑፋቸውን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ልብስ አልብሰው ይልኩላታል፤ አንዱ ርእሱን ቀይ ያደርገዋል፣ ሌላው ያገዝፈዋል፣ ሌላው «ኤሌክትሪኩን ሳታጠፉ እንዳትነኩ» የሚለውን ከዐረፍተ ነገር መሐል ይሸጉጠዋል። እሷ መስመር በመስመር በእጇ ታቃናለች፤ ስታቃናም በረጅሙ ትተነፍሳለች። ምትኩ ያን ትንፋሽ ከፊት ለፊቷ ጠረጴዛ ሆኖ ሲያዳምጥ ኖረ።

በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ቋንቋ ሠራ። ጸሐፊው በተራ ፊደል ይጽፋል። ማስጠንቀቂያ ሲያስፈልገው በመስመሩ መጀመሪያ ነጥብ አድርጎ «ማስጠንቀቂያ» ይላል፤ ሲጨርስ «በቃ» ብሎ ይዘጋል። ማሽኑ ስሙን ባየበት ሁሉ፣ ስለዚያ ስም አንድ ጊዜ የተወሰነውን ሁሉ ይዘረጋል፤ ክፈፉን፣ ደማቁን ፊደል፣ ክፍተቱን። ትርጉሙ አንድ ቦታ ከታረመ በየጽሑፉ ይታረማል። ከትንንሾቹ ምልክቶች ትልልቅ ይሠራሉ። የቋንቋዋ ሕግ ሁሉ በአንዲት ገጽ ያልቃል። ምትኩ ያቺን ገጽ አትሞ ሲያያት፣ ልጁ ቆሞ ሲሄድ ያየ አባት ሆነ። «ተመስገን» አለ። ካለም በኋላ በደስታ የተነፋ ደረቱ አልወርድ አለው።

ግን የሻረግ እንቢ ካለች ገጿን አጥፎ ወደ ቤቱ ይመልሳታል፤ ሁለተኛም አያነሣትም። ደጋግሞ የሚለምን ሰው አይደለም።

ጾመ ሁዳዴ ሲጋመስ ገጿን ወስዶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። የመጽሔቱ ኃላፊ አቶ ጉልላት ወዲያ ማዶ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይታያሉ።

«አንድ ነገር ሠርቼ ነበር፣ ወይዘሮ የሻረግ። ቢያዩልኝ።»

«ይቀመጡ» አለችና ማንበብ ጀመረች። «ከዚህ በፊትም አንዱ እንዲህ ገብቶ ነበር። ሁሉን እኔ አደርግልሻለሁ ብሎ። የጻፍኩትን በራሱ መንገድ ቆልፎ ያዘብኝ። የወጣ ዕለት የገዛ ጽሑፌን ማንበብ አቃተኝ።»

«ያ የተገዛው ፕሮግራም ነዋ!» አሉ አቶ ጉልላት ከማዶ። «እውነትም ሸክም ነበር።»

«ሸክም ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከገጹ ሳታነሣ።

ምትኩ ያን ጊዜ ያስታውሰዋል። ፕሮግራሙ ከቢሮው የተነሣው የሻረግ ቀለበቷን ባወለቀችበት ክረምት ነበር።

«ይኼኛው አይቆልፍም» አለ ቀስ ብሎ። «የጻፉት እንደጻፉት ይኖራል። ነገ እኔ ባልኖር እንኳ ማንም ከፍቶ ያነበዋል። ከቃልዎ አጠገብ ይቆማል እንጂ ቃልዎን አይነካም።»

«የሚያውቀው ጥቂት ነው ማለት ነው።»

«ጥቂት ነው። ያወቀውን ግን አይረሳም።»

«አንተ ምትኩ፣ ንግድ ውስጥ ብትገባ ኖሮ!» ብለው አቶ ጉልላት ሳቁ።

የሻረግ አልሳቀችም። «ጉድለቱን ይንገሩኝ። ጉድለት የሌለው ነገር ያስፈራኛል።»

ምትኩ ትንሽ አሰበ። «መጀመሪያ ላይ አንዱን ምልክት ተሳስቼ ራሱን እንዲጠራ አደረግሁት። ማሽኑ ይጠራዋል፤ እሱ ደግሞ ተመልሶ ራሱን ይጠራል። አንድ ፊደል ሳያወጣ ሲዞር ዋለ። ከውጭ ለሚያየው ሥራ የበዛበት ይመስል ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሌላውን መጥራት ተምሯል።»

ከንፈሯ ጫፍ ላይ ፈገግታ መጣና ተመለሰ። «ተከፍቶ ሳይዘጋ የቀረ ካለስ?»

«ችላ አይለውም። የተከፈተበትን መስመር ይናገራል። እስኪዘጋ የቀረው ገጽ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።»

የሻረግ ጣቷን በገጹ አውርዳ ታች አቆመች። «ቤት የሚለው ለምን ባዶ ሆነ?»

የሌሎቹ ምልክቶች ትርጉም ከጎናቸው ተጽፏል። ርእሱንም፣ ሥዕሉንም፣ ማስጠንቀቂያውንም በአንድነት የሚይዘው «ቤት» ብቻ ከጎኑ ምንም የለውም።

«ሌሎቹን ብቻዬን ወሰንኳቸው» አለ ምትኩ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እሱን ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ለብቻ እንቢ አለኝ። እርስዎ ካልጨመሩበት ባዶውን ይቅር ብዬ ነው።»

እርሳሷን አነሣች፤ አስቀመጠችው። «ምልክት ማለት እኮ ሁለት ሰው ካላወቃት ጭረት ናት» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ምትኩ እጁ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ደወሉ ያን ጊዜ የወሰደው ይኸው ይሁን አይሁን መማል አይችልም፤ ጆሮው ግን ያወቀው መሰለው። ራሱን ዝቅ አደረገ። ቀና ሲል የዚያች ትንሽ ቋንቋ ባለቤት የመሆን ኩራት ፊቱ ላይ በግልጽ ይነበብ ነበር።

«ታዲያ ተስማማችሁ?» አሉ አቶ ጉልላት፣ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ እየመለሱ። «እትሙ ከፋሲካ በፊት መውጣት አለበት፤ ቶሎ ጀምሩት።»

«የመጽሔቱን ነገ እንጀምራለን፣ አቶ ጉልላት።» ገጿን አስተካክላ አጠፈችና መሳቢያውን ትታ በቦርሳዋ ከተተቻት። ወደ ምትኩ ዞረች። «ቤት የሚለውን አብሬህ እጽፈዋለሁ። አንተ ብቻ መዝጊያውን እንዳትረሳ።»

«አልረሳም።»

«እሱንስ ነገ ብትጨርሱት ምን ይላችኋል?» አሉ አቶ ጉልላት። «ሥጋ አይደል፣ ጾም አያግደው!»

የሻረግ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«የለም፣ አቶ ጉልላት፤ እሱስ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይሁን።»