ስለ መስታወት ክር ራሳችንን የነቀነቅን ዕለት

አንባቢ ሆይ፣ ያልገባው ነገር ሲነገረው እንደገባው ሁሉ ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኛ ደባርቆች እንግዳን በጥያቄ ማፋጠጥ ነውር ስለሚመስለን ሁላችንም እንደዚያው ነን።

አንድ ቀን ወደ ሊማሊሞ መውረጃ ያለው ዳገት መሰንጠቁን የሰማ መሐንዲስ መጥቶ ሰበሰበን። መስታወት ቀልጦ ከጠጉር የቀጠነ ክር እስኪሆን እንደሚጎተት፣ ክሩ ላይ በጨረር ምልክት እንደሚጫር፣ በፕላስቲክ እንደሚለበጥ፣ ከዚያም ዳገቱ ውስጥ ሲቀበር መሬቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በክሩ ውስጥ የሚሄደው ብርሃን እንደሚለወጥ አስረዳን። ነቀነቅን። መስታወት እንዴት ሆኖ ነው ሳይሰበር እንደ ገመድ የሚጠቀለለው? እኔ እንጃ! ብቻ አንገቴን እስኪያመኝ ነቀነቅሁ።

ቤታቸው ከዳገቱ ሥር የሆነው መሪጌታ ግን አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ ብርሃኑ መለወጡን የሚያየው ማን ነው?»

«ጎንደር ያለ ኮምፒዩተር ነው፣ መሪጌታ። እንዳየ ወዲያው ያስጠነቅቅዎታል።»

«ይሁን። ኤሌክትሪክ የጠፋ ዕለትስ?»

መሐንዲሱ መሪጌታን አየ፤ ዳገቱን አየ። ከዚያም ልክ እንደ እኛ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

የንቅነቃውን ትርጉም ከማንም በላይ የሚያውቁት መሪጌታ የዚያኑ ዕለት አልጋቸውን አሸክመው እኔ ቤት ገቡ።